ገዥው ሲከስር የዱቤ ሻጭ ወረፋው የት ነው?

ከቦሬ እስከ ነጌሌ ባለው መስመር ከብትና ፍየል፣ ገብስና ማር ለአዲስ አበባ ገዥ በቃል የሚያስረክበው ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ዋስትናው የደላላው ቃልና የገዥው ስም ነው። ስም ግን ይከስራል።

አንባቢ ሆላንድ ካርን ያስታውሳል። «አባይ»፣ «አዋሽ» እያለ የቤት መኪና ሲገጣጥም የነበረው ይህ ኩባንያ በ2005 ዓ.ም. መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ቀብድ ከፍለው መኪና ሲጠባበቁ የነበሩ ደንበኞችም ባለገንዘብ ሆነው ተሰለፉ።

ነገሩ ያለው ሰልፉ ላይ ነው። ባንክ መያዣ ካለው በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ይሸጣል። የሠራተኛው ደመወዝ በሕግ ቅድሚያ አለው። ግብር ሰብሳቢውም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በዱቤ ፍየል ያስረከበው የቦሬ ሰው ከመሰሎቹ ጋር የተረፈውን እንደየገንዘቡ መጠን ይካፈላል፤ ያውም ከተረፈ!

የ1952ቱን የንግድ ሕግ የኪሳራ ክፍል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የታመመ ድርጅት ሳይፈርስ መልሶ የሚደራጅበትን በር ከፍቷል። ኪሳራው በፍርድ ከታወጀ ግን ባለገንዘብ በየፊናው ንብረት ልያዝ ማለት አይችልም። ፍርድ ቤት ለሾመው ንብረት ጠባቂ ማስረጃውን በተቆረጠለት ቀን ያቀርባል። «ደላላው ያውቃል» የሚለው እዚህ ብዙ አያራምድም። ጭነቱ ከቦሬ ከመነሳቱ በፊት የተፈረመ፣ ቀኑ፣ ብዛቱና ዋጋው የሰፈረበት፣ የገዥው ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ የርክክብ ወረቀት ግን ያራምዳል።