ጭነቱ የት ይረፍ? ስኖውሞቢልን የበረዶ ላይ አጥማጆችን መጠለያ እንዲያጓጉዝ ስለ ማሻሻል

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት የቅዝቃዜው ወራት ሐይቆቹን ሲያደነድናቸው ዓሣ አጥማጆች የሐይቁን ገጽ ሰርስረው በቀዳዳው መንጠቆ ይጥላሉ። ከነፋሱ የሚሸሸጉበትንም መጠለያ ይዘው ይወጣሉ። እንደ ሚል ላክስ ባለ፣ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሚሰፋ ሐይቅ ላይ ዓሣው የሚገኝበት ስፍራ ከዳርቻው ብዙ ኪሎ ሜትር ሊርቅ ስለሚችል፣ መኪና ለመሸከም በረዶው በማይበቃበት ጊዜ መጠለያውን የሚያደርሰው ስኖውሞቢል ነው። ይህ ጽሑፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው መጓጓዣ የተሠራው ይህ ተሽከርካሪ የመጠለያ ጭነት ሲጨመርበት ምን እንደሚደርስበት፣ ማሻሻያውስ በየትኛው በኩል መጀመር እንዳለበት ያስረዳል።

በቅድሚያ ስለ ቃላት። አማርኛችን ለሁለት የተለያዩ ነገሮች «በረዶ» የሚለውን አንድ ቃል ማዋሉ እዚህ ያደናግራል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ «በረዶ» ስንል የረጋውን የሐይቅ ገጽ፣ «አመዳይ» ስንል ደግሞ ከሰማይ ወርዶ በላዩ የሚከመረውን ማለታችን ነው።

መጠለያና ተሽከርካሪ ከመነሻው የተለያዩ አልነበሩም። ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲዬ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በካናዳዋ ኩቤክ የሠራቸው ባለሰንሰለት ተሽከርካሪዎች ተሳፋሪን በዝግ ክፍል የሚይዙ ነበሩ። ክፍትና ቀላል የሆነው ስኪ-ዱ በ1959 ለገበያ ሲቀርብ ግን ተሽከርካሪው ቀለለ፣ መጠለያው ቀረ። ዛሬ የማሻሻል ሥራ የምንለው የቀረውን መልሶ ለማምጣት የሚደረግ ጥረት ነው ማለት ይቻላል።

የተለመደው ጥያቄ «ሞተሩ ይችለዋል ወይ?» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ ቦታውን የሳተ ነው፤ የዛሬ ሞተሮች አንድ ታጣፊ መጠለያ ለማንቀሳቀስ አቅም አይጎድላቸውም። ወሳኙ ጥያቄ ክብደቱ የት ላይ ያርፋል የሚለው ነው። ስኖውሞቢል ከፊት በሁለት ስኪዎች፣ ከኋላ በአንድ ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ይቆማል። የሚገፋው ሰንሰለቱ ነው፤ አቅጣጫ የሚይዙት ስኪዎቹ ናቸው። ስኪ ደግሞ የሚታዘዘው በቂ ክብደት ሲጫነው ብቻ ነው።

በምሳሌ እንየው። አኃዞቹ ለማስረጃ የተመረጡ እንጂ የአንድ የተወሰነ ሞዴል ልኬት አይደሉም። ተሽከርካሪው 270 ኪሎ ግራም፣ ነጂው 90 ኪሎ ግራም ይመዝኑ፤ ከድምሩ 360 ኪሎ ግራም ሩቡ፣ ማለትም 90 ኪሎ ግራም በስኪዎቹ ላይ ይረፍ። ከስኪዎቹ መንኪያ ነጥብ እስከ ሰንሰለቱ የመሸከሚያ መካከል ያለው ርቀት 1.6 ሜትር ይሁን። አሁን 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ታጣፊ መጠለያ ከሰንሰለቱ መካከል 0.9 ሜትር ወደ ኋላ፣ በኋለኛው ጫፍ ላይ ብንጭን፣ በሞመንት ሕግ ከስኪዎቹ ላይ የሚነሣው ክብደት 60 × 0.9 ÷ 1.6፣ ወደ 34 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስኪዎቹ ከሲሶ የሚበልጠውን ጭነታቸውን አጡ ማለት ነው። ይህ ተሽከርካሪው በቆመበት ሳለ ነው፤ ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ወይም የዳርቻውን ዳገት ሲወጣ ፊቱ ይበልጥ ይቀላል። ጭነቱ ከፍ ብሎ የተደራረበ ከሆነም የስበት ማዕከሉ ወደ ላይ ስለሚሸሽ፣ በሐይቁ ላይ በሚፈጠሩ የበረዶ ግፊት ኮረብታዎች ላይ መገልበጥ ቅርብ ይሆናል።

ያንኑ መጠለያ ከ40 ኪሎ ግራም ዕቃ ጋር በተሳቢ ሸርተቴ ላይ አድርገን እንጎትተው። ሸርተቴው በጋንቾው ላይ የሚጥለው ክብደት 10 ኪሎ ግራም፣ የጋንቾው ርቀት ከሰንሰለቱ መካከል 1.1 ሜትር ቢሆን፣ ከስኪዎቹ የሚነሣው 7 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የሰበቃው መጠን አንድ አሥረኛ ቢሆን 10 ኪሎ ግራም የመጎተት ኃይል ያስፈልጋል፤ ጋንቾው 0.3 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ይህ ተጨማሪ 2 ኪሎ ግራም ያነሣል። የጭነቱ ድምር በ40 ኪሎ ግራም ጨምሮ ሳለ ስኪዎቹ የሚያጡት ከ34 ወደ 9 ኪሎ ግራም ወረደ። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ማሻሻያ ጭነቱን ከተሽከርካሪው ጀርባ ማውረድ ነው።

መጎተቻው ግን ገመድ ሊሆን አይገባም። ነጂው ፍሬን ሲይዝ በበረዶ ላይ ያለ ሸርተቴ የሚያቆመው ነገር ስለሌለው መጥቶ ሰንሰለቱን ወይም ነጂውን ይመታል። ከብረት ቱቦ የተሠራ፣ በሁለቱም ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፍ ጠንካራ ዘንግ ያስፈልጋል፤ መንገጫገጩን የሚውጥ ሞላ ቢታከልበት ደግሞ ይመረጣል።

አንዳንድ ጊዜ ጀርባ ላይ መጫን ግድ ይሆናል፤ ለምሳሌ አመዳዩ ጥልቅና ልል ሲሆን ሸርተቴ ይሰምጣል። እንዲህ ሲሆን መደርደሪያው ሰንሰለቱን በሚሸፍነው የአሉሚኒየም አካል ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ከሥሩም ኃይሉን በሰፊው የሚያሰራጭ ላሜራ ይገባል። አሉሚኒየም በተደጋጋሚ ንዝረት ስለሚደክም ላሜራ በሌለበት ስንጥቁ ከቡሎኑ ቀዳዳ ይነሣል። የኋላው ሞላ መጥበቅ፣ በጭነቱ የሚከለለው የኋላ መብራትም ወደሚታይበት ቦታ መዛወር አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ሙቀት ነው። በአብዛኞቹ በውኃ የሚቀዘቅዙ ስኖውሞቢሎች ራዲያተሩ ከሰንሰለቱ በላይ ተዘርግቶ ሰንሰለቱ በሚረጨው አመዳይ ይቀዘቅዛል፤ ሰንሰለቱ የሚንሸራተትባቸው የፕላስቲክ ሐዲዶችም በዚያው ይርሳሉ። ነፋስ ጠርጎ ባራቆተው በረዶ ላይ የሚረጭ ነገር የለም። ጭነት የሚጎትት ሞተር በዝግታ ሲሄድ ይግላል፤ ሐዲዱም ይቀልጣል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ከሐዲዱ ጎን የሚታሰሩ፣ በረዶውን እየፋቁ ፍቅፋቂውን ወደ ሰንሰለቱ የሚያስነሡ የሽቦ መፋቂያዎች ናቸው።

የተሽከርካሪውን ሚዛን ብናስተካክልም ከሥሩ ያለው በረዶ የራሱ ስሌት አለው። ካናዳዊው ተመራማሪ ሎርን ጎልድ ባቀረበው ቀመር፣ በጥንቃቄው ወሰን፣ ጥሩ በረዶ የሚሸከመው ክብደት በኪሎ ግራም የውፍረቱ በሴንቲ ሜትር ካሬ ሲባዛ በ3.5 ነው። የምሳሌያችን ድምር 460 ኪሎ ግራም ስለሆነ ቢያንስ 11.5 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለስኖውሞቢል የሚመክረው ከ5 እስከ 7 ኢንች፣ ማለትም ከ13 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል የጠራ አዲስ በረዶ ነው፤ ነጭ በረዶ ከሆነ እጥፍ ይሁን ይላል። «ሸርተቴው ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ ተከፋፍሏል» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ከጭነት ሥር የሚጎብጠው ብዙ ሜትሮችን አካትቶ ነው፤ የሁለት ሜትር ዘንግ ሁለቱን ጭነቶች ከአንዱ ጉብጠት ውስጥ አያወጣቸውም። ስለዚህ ድምሩ እንደ አንድ ጭነት ይታሰባል።

ፍጥነትም አለበት። የሚሄድ ተሽከርካሪ ከበረዶው ሥር ባለው ውኃ ሞገድ ያስነሣል። ጥልቀት በሌለው ውኃ የሞገዱ ፍጥነት በግምት የስበት ፍጥንጥነትና የጥልቀቱ ብዜት ዳግም ዘር ነው፤ በ6 ሜትር ጥልቀት በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ተሽከርካሪው በዚሁ ፍጥነት ሲሄድ ጉብጠቱ ይጎላል። ጭነት የያዘ ነጂ ከዚህ በጉልህ ዝቅ ብሎ መንዳት፣ ወደ ዳርቻ ሲቀርብም ቀጥ ብሎ ሳይሆን አግድም መቅረብ ይበጀዋል።

የቆመ ጭነት ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። በረዶ ለሰዓታት ሲጫኑት ቀስ በቀስ እየሰረገደ ይሄዳል፤ የጎልድ ቀመርም ለረጅም ጊዜ ለቆመ ጭነት አያገለግልም። በዚህ ምክንያት መጠለያው ከተሽከርካሪው ሳይነጠል በላዩ እንዲዘረጋ የሚደረገውን ንድፍ አልደግፈውም። ክብደቱን ሁሉ ቀኑን ሙሉ በአንድ ስፍራ ያቆማል፤ ሞተሩ በስሕተት ቢነሣ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ የሚገባው ሰው ወደተቀመጠበት ሸራ ውስጥ ነው። ተነጥሎ፣ ራቅ ብሎ መቆም ይሻለዋል።

ስሌቱ መሠራት ያለበት ለመሄጃው ሳይሆን ለመመለሻው ነው። ሸራው በእስትንፋስና በማሞቂያ እርጥበት ረጥቦ ይረጋል፤ የሸርተቴው ሥርም ከበረዶው ጋር ይጣበቃል። ሰው ሳይኖርባቸው የሚያድሩ መጠለያዎች በማርች ወር በተወሰነው ቀን እንዲነሡ የሚኒሶታ ሕግ ያዝዛል፤ በዚያ ወቅት አመዳዩ በውኃ ርሶ ሰበቃው ይንራል፤ በረዶውም ይሳሳል። ጠዋት 60 ኪሎ ግራም ሆኖ የወጣ መጠለያ ማታ በዚያው ክብደት እንደሚመለስ ተደርጎ የሚሰላ መደርደሪያ ወይም ጋንቾ የሚሰበረው በዚህ ጉዞ ላይ ነው።