ጥቁሩ ጉድጓድ እና ያልተወለዱት ከዋክብት

ሽሮ ድስት ውስጥ ሲንተከተክ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አረፋው ከሥር ተነፍቶ ይመጣና ላይ ሲደርስ ይፈነዳል። ከእኛ 240 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ፣ ፐርሲየስ በሚባለው የጋላክሲዎች መንደር መሀል፣ እንዲሁ የሚንተከተክ ጋዝ አለ። የአንዱ አረፋ ስፋት በአስር ሺዎች የብርሃን ዓመት ይቆጠራል። የሚነፋውም ጥቁር ጉድጓድ ነው!

ጥቁር ጉድጓድ መዋጥ እንጂ መንፋት ምን አገባው? ወደ እሱ የሚወርደው ጋዝ ሁሉ ግን አይዋጥም። ዙሪያውን ሲሽከረከር ይግላል፤ ከፊሉ ገና አፋፉ ላይ ሳለ፣ ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት፣ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይወረወራል፤ አረፋዎቹን የሚነፋውም ይህ ውርወራ ነው።

አሁን ኮከብ እንዴት እንደሚወለድ አስቡ። ጋዝ በራሱ ስበት ተሰብስቦ ኮከብ ለመሆን መጀመሪያ መቀዝቀዝ አለበት፤ ትኩስ ጋዝ አልሰበሰብም ይላል። ከዋክብት የሚወለዱባቸው ደመናዎች ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ ናቸው። የፐርሲየስ ጋዝ ደግሞ በአስር ሚሊዮኖች ዲግሪ ይፋጃል። ሙቀቱን በኤክስሬይ እየረጨ ስለሚያጣ፣ እስካሁን ቀዝቅዞ በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠሩ ከዋክብት መውለድ ነበረበት። ልደቱ ግን ከዚያ እጅግ ያንሳል። ምድጃው ሳይጠፋ እንዲቆይ ማን እሳት ይቆሰቁሳል?

በ2003 ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ፣ ድንጋይ እንደተወረወረበት ኩሬ፣ በጋዙ ላይ የሚሰፉ ሞገዶችን አሳየ። የድምፅ ሞገዶች ናቸው፤ ከፒያኖ መካከለኛ ድምፅ 57 ኦክታቭ ዝቅ ያሉ። አንዱ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል። አረፋዎቹና ሞገዶቹ ናቸው ጋዙን የሚያሞቁት። ዑደቱም ደስ ይላል፦ ጋዙ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፣ ጉድጓዱ ይነቃል፣ ይነፋል፣ ጋዙ ይሞቃል፣ ቀለቡ ይቀንሳል፣ ጉድጓዱ ያንቀላፋል።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ተቃራኒው ነው። ሄኒዝ 2-10 የምትባል ድንክ ጋላክሲ አለች፤ 30 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። በ2022 በወጣ ጥናት፣ ሀብል ቴሌስኮፕ ከጥቁር ጉድጓዷ የወጣ የጋዝ ጅረት አሳየ፤ ርዝመቱ 500 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ፍሰቱ እንደ ፐርሲየሱ የበረታ ስላልሆነ፣ ያገኘውን ጥቅጥቅ ደመና አላፈረሰውም፤ ጨመቀው። ጅረቱ ደመናውን በነካበት ቦታም አዳዲስ ከዋክብት ተወልደዋል።