የአሮጌ ቤት የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚለወጥበትን ጊዜ ስለ ማወቅ

አንድ ቤት አረጀ ማለት የኤሌክትሪክ ሽቦው ሁሉ ተነቅሎ ይጣል ማለት አይደለም። መዳቡ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ የሚያረጀው መዳቡን የሸፈነው ልባስ ነው፤ ከልባሱም ቀድሞ የሚበላሸው ሽቦና ሽቦ የተያያዙበት መጋጠሚያ ነው። ስለዚህ ልንመረምር የሚገባን የቤቱን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን፥ ሽቦው መጀመሪያ ለምን ሥራ እንደ ተዘረጋና ዛሬ ምን እንደ ተጫነበት ነው። ለምሳሌም የአዲስ አበባን አሮጌ ቤቶች እንወስዳለን። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ ብዙዎቹ ቢፈርሱም፥ በሌሎች ሰፈሮች ሰው የሚኖርባቸው ገና ብዙ ናቸው።

በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት በተሠሩ ቤቶች የተለመደው፥ በጥጥ ክር የተሸፈነ ጥምዝ የላስቲክ ገመድ በነጭ የሸክላ ስኒዎች እየተደገፈ ከግድግዳው በላይ እንዲዘረጋ ነበር። (ሠራተኛው ዛሬም ድረስ የሚጠራቸው «ቫልቮላ» እና «ስፒና» የዚያው የጣልያንኛ ቅሬታዎች ናቸው።) ይህ ገመድ እንዲሸከም የታሰበው ጥቂት አምፑሎችን፥ ቢበዛ አንድ ራዲዮ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ንብረት ከሆነ ወዲህ ግን ብዙው ቤት እየተከፋፈለ ለቀበሌ ተከራዮች ተሰጠ፤ ጓሮውም በማድ ቤትና በተቀጥላ ክፍል ሞላ። ተከራዩ የእኔ ላልሆነ ቤት ለምን ገንዘብ አወጣለሁ ይላል፤ አከራዩም ከሚያገኘው ጥቂት ኪራይ ለሽቦ የሚተርፈው የለም። በዚህ መካከል አንዱ መስመር በሌላው ላይ እየተቀጠለ ሄደ፤ በመጨረሻም የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ።

የምጣዱ ነገር በቁጥር ቢታይ ይሻላል። ባለ 60 ዋት አምፑል በ220 ቮልት የሚስበው 0.27 አምፔር ያህል ነው። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ግን ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ይህም 58 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ኮረንቲው በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለሚያድግ፥ ያው ሽቦ አምፑሉን ብቻ ሲሸከም ከነበረው 3,400 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት ያመነጫል። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፥ 20 ሜትር ርቀት የተዘረጋ የመብራት መስመር መሄጃና መመለሻው ሲደመር ተቃውሞው ግማሽ ኦም ያህል ነው። በ16 አምፔር 120 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣዋል፤ ሙቀቱ ግን በ40 ሜትር ሽቦ ላይ ስለሚበተን በየሜትሩ የሚደርሰው 3 ዋት ብቻ ነው። አሁን በዚሁ መስመር ላይ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ፥ በጊዜ ብዛት ላልቶና ዝጎ የራሱ ተቃውሞ ግማሽ ኦም የደረሰ አንድ መጋጠሚያ አለ እንበል። ያ ሁሉ ሙቀት ከጣት ጫፍ በማይበልጥ ቦታ ላይ ይከማቻል ማለት ነው። መጋጠሚያውም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከኮርኒስ በላይ ነው፤ ኮርኒሱም አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ፥ ከላዩም የብዙ ዘመን አቧራና የአይጥ ጎጆ ያለበት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለጉት ምልክቶች የሙቀት ምልክቶች ናቸው፤ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ሶኬት፥ ሲነኩት የሚሞቅ ማብሪያ ማጥፊያ፥ ምንጩ የማይታወቅ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ፥ ከግድግዳ የሚሰማ የመንጫጫት ድምፅ። የመብራት መፍዘዝም ምልክት ነው፤ ነገር ግን ጎረቤትን ሳይጠይቁ መፍረድ አይገባም። ማታ ማታ የሰፈሩ መብራት ሁሉ የሚፈዝ ከሆነ ነገሩ የመንገዱ መስመር ነው። የእርስዎ ብቻ ምጣድ በተጣደ ቁጥር የሚፈዝ ከሆነ ግን ችግሩ በቤቱ መስመር ላይ ነው። መብራቱ ከወትሮው ይልቅ ሲደምቅ ካዩ ደግሞ የኒውትራሉ ሽቦ ላልቶ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል፥ ወዲያው ዋናውን አጥፍቶ ለመብራት ኃይል ማስታወቅ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ከሁሉ የሚያሳስበን የቫልቮላው ጉዳይ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ቫልቮላ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ሰው ግን እንደ ጥፋተኛ ያየውና በቦታው ወፍራም የመዳብ ሽቦ ያስርበታል። ያን ጊዜ በመስመሩ ላይ ከሁሉ ደካማው ቦታ ቫልቮላው መሆኑ ይቀርና ኮርኒስ ውስጥ ያለው መጋጠሚያ ይሆናል። ብሬከሩን በትልቅ ብሬከር የሚለውጡም ያንኑ ያደርጋሉ። ደግሞም ትክክለኛው ቫልቮላ እንኳ የጋለ መጋጠሚያን አያውቅም፤ የሚቆጣጠረው የኮረንቲውን መጠን እንጂ ሙቀቱ የት እንደ ተከማቸ አይደለምና።

ወደ ልባሱ እንምጣ። የላስቲክ ልባስ ዕድሜ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይገመታል፤ ከዚያ በኋላ ይደርቃል፥ ይሰነጣጠቃል፥ ሲያጥፉትም ይፈረፈራል። ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ፥ በባለሙያ እጅ፥ አንዱን ጫፍ ማጠፍ ይበቃል። ይሁን እንጂ በአምፑል መያዣው አጠገብ ያለው ጫፍ የአምፑሉ ግለት ስለሚጠብሰው ከሌላው ቀድሞ ይሰነጠቃል፤ በእርሱ ብቻ ሙሉውን መስመር መኰነን ስሕተት ነው። እርግጠኛውን የሚናገረው ሜገር የተባለው መለኪያ ነው። መሣሪያዎቹ ሁሉ ከተነቀሉ በኋላ በ500 ቮልት ሲለካ ልባሱ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካሳየ፥ ጉድለቱ ተፈልጎ መገኘት አለበት፤ ሽቦው ላስቲክ ከሆነ ግን ፍለጋው ድካም ብቻ ስለሚሆን ሁሉንም መለወጥ ይሻላል።

የፍሪጁ አካል ወይም የውሃው ቧንቧ የሚነዝር ከሆነ፥ ቤቱ የመሬት ሽቦ የለውም ወይም ተበጥሷል። በአሮጌ ቤቶች ከመጀመሪያውም ያልተዘረጋ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ይህ ደግሞ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም።

ገንዘብ ለሁሉ በአንድ ጊዜ የማይበቃ እንደ ሆነ፥ በእኛ አስተያየት መጀመር የሚገባው ከምጣዱ ነው። ከቆጣሪው ሥር ተነሥቶ መካከሉ ላይ አንድም መጋጠሚያ ሳይኖረው እስከ ማድ ቤቱ የሚደርስ፥ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር ከመሬት ሽቦው ጋር፥ የራሱም ባለ 20 አምፔር ብሬከር ያለው ይዘርጋለት። አሮጌው መስመር ያን ጊዜ ወደ ቀድሞ ሥራው፥ ወደ አምፑሎቹ ይመለሳል፤ ልባሱ በሜገር ተለክቶ ደኅና ከተገኘም ሌላው ገንዘብ እስኪገኝ ሊቆይ ይችላል።