ተጨማሪ መረጃ፦ ከሻገተ ድርቆሽ የተገኘ መድኃኒት

ምላጭ ጣታችሁን ሲቆርጣችሁ ደሙ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ረግቶ ይቆማል። ሆስፒታል ተኝቶ ብዙ ቀን ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ ሕመምተኛ ግን ቁስል ሳይኖረው በእግሩ ደም መልስ ውስጥ ደም ሊረጋበት ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ከተሰነቀረ ሊገድል ይችላል። ይህን ለመከላከል ፀረ መርጋት መድኃኒት ይሰጣል። ሰዎች «ደም ማቅጠኛ» ይሉታል፤ ነገር ግን መርጋቱን ያዘገያል እንጂ ደሙን አያቀጥነውም።

ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ዋርፋሪን ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት አንድ ገበሬ የሞተች ጊደር፣ የተበላሸ ድርቆሽና በወተት ዕቃ የተቀዳ የማይረጋ ደም ጭኖ፣ በረዶውን ጥሶ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። ከብቶቹን የፈጀው የሻገተው ድርቆሽ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ ለዓመታት ደክመው ደሙ እንዳይረጋ ያደረገውን ንጥረ ነገር ለዩት። ከዚያ የተወለደው ዋርፋሪን መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ሆነ፤ ለሰው ሕክምና የተፈቀደው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው።

ዋርፋሪን የሚሠራው ጉበት በቫይታሚን ኬ አማካይነት የሚያዘጋጃቸውን አርጊ ፕሮቲኖች በመቀነስ ነው። መጠኑ ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ይፈሳል። ስለዚህ ሐኪሙ አይኤንአር በተባለ የደም ምርመራ ይከታተላል፤ ለአብዛኞቹ ሕሙማን የሚፈለገው ውጤት ከ2 እስከ 3 ነው። ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው። በጾም ወቅት ጎመን በድንገት የሚያበዛ ታካሚ የመድኃኒቱ ኃይል ይደክምበታል። የሚመከረው ጎመንን መተው ሳይሆን መጠኑን አለመለዋወጥ ነው።

በዚህ ሳምንት ቤታችሁ የሚበሉትን አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠሎች በየቀኑ መዝግቡ፤ መጠናቸው ከቀን ቀን ምን ያህል ይለያያል?