ደመወዙ ተመለሰ፣ ክሱ ግን አልቆመም

እ.ኤ.አ. በ1997 ገና ሲደርስ፣ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ሜምፊስ ከተማ፣ ሺላ ኋይት ቤት ደመወዝ አልገባም። ከሥራ ታግዳለች፤ ተመልሳ ትግባ አትግባ አታውቅም። በዓል በባዶ ኪስ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ለአገራችን እናቶች መንገር አያስፈልግም።

ሺላን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የቀጠራት በርሊንግተን ኖርዘርን የተባለ የባቡር ድርጅት ነው። በሐዲድ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ነበረች። ፎርክሊፍት መንዳት ስለምትችል ብዙም ሳይቆይ ዋና ሥራዋ እሱ ሆነ። የቅርብ አለቃዋ ግን «ሴት እዚህ ክፍል መሥራት የለባትም» እያለ ይደጋግምባት፣ በወንዶቹም ፊት ያዋርዳት ነበር። በመስከረም ለበላይ ኃላፊዎች አቤት አለች። ድርጅቱ አጣርቶ አለቃውን ለ10 ቀን አገደው።

እስከዚህ መልካም ነበር። ነገር ግን የአለቃዋ መቀጣት በተነገራት ዕለት እሷም ከፎርክሊፍቱ ተነሳች። ሥራው ንጹሕና ቀለል ያለ ስለሆነ ረጅም ዘመን ላገለገለ ወንድ ይገባል ተባለ። እሷ ወደ ከባዱ የሐዲድ ሥራ ሄደች።

በሥራ ላይ የሚፈጸም አድልዎን ለሚመለከተው የፌዴራል ኮሚሽን አመለከተች፤ በታኅሣሥ ደግሞ በድጋሚ። ሁለተኛው አቤቱታ ለድርጅቱ በተላከ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በየትኛው መኪና ትሂድ በሚል ከአንድ ኃላፊ ጋር አለመግባባት ተፈጠረ። «ትእዛዝ አልቀበልም ብላለች» ተብላ ያለ ደመወዝ ታገደች። በኋላ ድርጅቱ ራሱ ጥፋት እንዳልነበረባት አምኖ መለሳት፤ የ37 ቀን ደመወዟንም ከፈላት።

እዚህ ላይ ብዙ ዘመድ «ገንዘብሽን ካገኘሽ ምን ቀረሽ? ተይው» ይላል። የድርጅቱ ክርክርም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ሺላ ግን ከሰሰች። የከሳሿን ሕመምና ጭንቀት የሰማው ጁሪ፣ ለሕክምና ያወጣችውን 3,250 ዶላር ጨምሮ 43,500 ዶላር ካሳ ወሰነላት። ድርጅቱ ይግባኝ እያለ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የተቋጨው በጁን 2006 ነው፤ ከዚያ ባዶ ገና ስምንት ዓመት ተኩል በኋላ። ዘጠኙም ዳኞች በውጤቱ ተስማምተው ፈረዱላት።

ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ስቲቨን ብሬየር ያስቀመጡት መለኪያ ቀላል ነው፤ እርምጃው አንድን አስተዋይ ሠራተኛ አቤት ከማለት ሊያስቀረው ይችላል ወይ? በኋላ ቢከፈልም እንኳ፣ አንድ ወር ያለ ደመወዝ መክረም ይህን ሊያደርግ ይችላል አሉ። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን በምሳሌነት ያነሱት ነው። የሥራ ሰዓት መቀየር ለብዙዎች ምንም ላይሆን ይችላል፤ ትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆች ላሏት ወጣት እናት ግን ትልቅ ነገር ነው። አራት ሰዓት ላይ ትገባ የነበረችውን ሴት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ግቢ ማለት፣ ወረቀት ላይ ቅጣት አይባልም። ልጆቹን ማን ያደርሳቸዋል?

ይህ የአሜሪካ ፍርድ ነው፤ የእኛን ፍርድ ቤቶች አያስገድድም። ይሁንና የራሳችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26፣ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብም ሆነ በክስ ሂደት መሳተፍ፣ እንዲሁም ፆታና እርግዝና፣ ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆኑ ደንግጓል። በዚህ ሰበብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። ከዚያ አለቃ ጋር ዳግም መዋል ካልፈለገ ደግሞ ካሳውን ይዞ መሄድ ይችላል። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ግን በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ሽማግሌ ሲላክ፣ «ትንሽ ይብረድላቸው» ሲባል፣ 3 ወር ሳይታወቅ ያልቃል። ቀኑ የሚቆጠረው ሥራው ከተቋረጠበት ዕለት ጀምሮ ነው።