የተሸረፈ ምጣድ እንዴት ይታከማል?

በወልድያም ሆነ በሀብሩ ወረዳ በመርሳ ከተማ፣ ምጣድ ፊቱ ሲሸረፍ እንጀራው ይያዛል፤ ተቦጭቆም ይነሣል። እናቶቻችን ታዲያ በጎመን ዘር ዳግመኛ ያሟሹታል። ዘይቱ በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ሞለኪውሎቹም ተሳስረው ጠጣር ስስ ሽፋን ይሆናሉ።

ውጭ አገር ስንማር የተሸረፈ የቦውሊንግ ኳስ በኢፖክሲ ሙጫ ተደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ተመልክተናል። ለምጣድ ግን ይህን ከቶ አንመክርም፤ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚግል ሸክላ ላይ ሙጫው ይበላሻል፣ ምግቡንም ይበክላል።

ከሽራፊው ይበልጥ የሚያሰጋን ስንጥቁ ነው። እንግሊዛዊው ኢንግሊስ በ1913 እ.ኤ.አ. እንዳሰላው፣ በሚሳብ ዝርግ አካል ላይ ያለ ክብ ቀዳዳ በጠርዙ ያለውን ውጥረት 3 እጥፍ ያደርሰዋል፤ ርዝመቱ የስፋቱን 10 እጥፍ የሆነና ለውጥረቱ የተጋደመ ሞላላ ስንጥቅ ግን በጫፉ 21 እጥፍ! ስለዚህ ሹል ሽራፊ ከመሟሸቱ በፊት በአሸዋ ድንጋይ ታሽቶ ሹልነቱ ቢሞት፣ ትቢያውም ቢጠረግ መልካም ነው። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ስንጥቁን ያራዝመዋል።

በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ እስከ ሽቦው የዘለቀ ስንጥቅን ግን ጎመን ዘር አያድነውም። እርጥብ ሊጥ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና፣ ያ ምጣድ ሸክላው እስኪለወጥ ድረስ አይሰካ።