ሐሺሽና ጫት፦ ገበያው በየአገሩ ስንት ሰው ነው?

ጫት ሹፌር ያስቸኩላል። ቅጠሉ ከተቆረጠ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈው ጉልበቱ ስለሚደክም የነጌሌ ቦረናም ሆነ የያቤሎ ነጋዴ አከማችቶ ዋጋ አይጠብቅበትም። ሐሺሽ ግን ደርቆ ከታሸገ ይቆያል። ትልቁ ልዩነት ሌላ ነው፤ ጫት በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ በግላጭ ያልፋል፣ ሐሺሽ ግን በሌላ ጭነት ሥር ተሸሽጎ ነው ወደ ሞያሌ የሚወርደው።

ከኢትዮጵያ የሚሻገረው ሐሺሽ በናይሮቢ «ሻሽ» ይባላል። ስሙ ከሻሸመኔ የተወሰደ ነው። የኬንያ ፖሊስ ከሞያሌ ወደ ማርሳቢትና ኢሲዮሎ በሚወስደው መንገድ ላይ በተደጋጋሚ ይይዘዋል። ያም ሆኖ «የኬንያ ገበያ አድጓል» የሚለው ወሬ አንዳንድ ደላላንና ባለመኪናን ማማለሉ አልቀረም። እስቲ ቁጥሩን እንየው።

የኬንያ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ባለሥልጣን (ናካዳ) እ.ኤ.አ. በ2022 ባካሄደው ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 65 ዓመት ከሆናቸው ኬንያውያን ከመቶ 1.9 እጅ፣ ማለትም 518,807 ሰዎች ሐሺሽ ይጠቀማሉ። ከአምስት ዓመት በፊት ከመቶ 1 እጅ ነበር። «በ90 በመቶ አደገ» ሲባል ጆሮ ያቆማል፤ እውነትም አድጓል። ግን ከመቶ ሰው ሁለት እንኳ አልሞላም። ጫት የሚቅሙት በአንጻሩ 964,737 ናቸው፤ እጥፍ ሊሆኑ ጥቂት ነው የቀራቸው። እነሱን ደግሞ የሜሩ ገበሬ በየቀኑ ያቀርብላቸዋል።

ከሌላው ዓለም ጋር ሲተያይስ? የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል መሥሪያ ቤት በረዳው የ2018 ጥናት ናይጄሪያ ውስጥ ሐሺሽ የተጠቀሙት ከመቶ 10.8 እጅ፣ 10.6 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ። በአሜሪካ በ2022 ከመቶ 22 እጅ ገደማ ደርሷል። የአውሮፓ ኅብረት ከመቶ 8 አካባቢ ሲሆን የዓለም አማካይ 4 ያህል ነው። በዚህ ሰልፍ ኬንያ ጭራ ላይ ናት።

ግን ቀስ ነው! ናካዳ የቆጠረው ባለፉት 30 ቀናት የተጠቀመውን ነው። የአሜሪካ፣ የናይጄሪያና የአውሮፓ ቁጥሮች ባለፉት 12 ወራት አንድ ጊዜም ቢሆን የሞከረውን ሁሉ ይጨምራሉ። በዓመት አንድ ቀን በልደት ግብዣ ላይ ያጨሰ አሜሪካዊ ሲቆጠር እንደሱው ያጨሰ ኬንያዊ አይቆጠርም። አሜሪካ ቆጠራውን ከ12 ዓመት ልጅ ይጀምራል፣ ኬንያ ከ15። አንዱን በኪሎ፣ ሌላውን በፈረሱላ መዝኖ ዋጋ እንደማወዳደር ነው። በዚያ ላይ ካናዳዊው ከ2018 ጀምሮ ከሱቅ በሕጋዊ መንገድ ስለሚገዛ ለጠያቂ አይደብቅም፤ ጉዳዩ እስር ቤት የሚያስገባው ሰው ግን አፉን ቢቆጥብ አይፈረድበትም።

በእኛ በኩል የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ጫት ጠይቆ ነበር። ከወንዶች ከመቶ 27፣ ከሴቶች ከመቶ 12 እጅ ቅመው ያውቃሉ። ይህ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት መለኪያ ነው፤ በዕድሜው አንዴ የቀመሰ ሁሉ ገብቶበታል። ስለዚህ ይህን ከኬንያ የጫት ቁጥር፣ ከመቶ 3.6፣ ጎን አቁሞ «እኛ ሰባት እጥፍ እንበልጣለን» ማለት ሞኝነት ነው። ሆኖም ለቆላው ከተማ ነጋዴ የዕለት ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ጫት እንጂ ሐሺሽ እንዳልሆነ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

የሐሺሹ ስሌት የሚበላሸው ከተጠቃሚው ቁጥር ይልቅ በማጓጓዣው ላይ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አምራቹን ብቻ ሳይሆን አጓጓዡንም በጽኑ እስራት ይቀጣል። ኬንያም ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሷ ጠንካራ ሕግ አላት። የዕቃው ባለቤት ብዙ ጊዜ መኪናው ላይ አይገኝም፤ የሚገኙት ሹፌሩና ረዳቱ ናቸው። በማውጫው ላይ «ባቄላ» ተብሎ የተጻፈለት ጆንያ ሲፈታ ሌላ ነገር ከወጣ፣ ባለመኪናው አላውቅም ነበር ብሎ እስኪያስረዳ ድረስ አይሱዙው በፖሊስ ግቢ ይቆማል። የባንክ ብድሩ ወለድ ግን አይቆምም።